የእሑድ ክኒን

ሰኞ ጠዋት የሒሳብ መምህሩ ሚስተር ኩሪያን ከእንቅልፉ አልተነሣም።

ቁርሱን ይዛ የመጣችው የአከራዩ ልጅ ኣብርሄት በሩን ደጋግማ ቆረቆረች። ገፋ ስታደርገው ተከፈተ።

ሕንዱ መምህር ከነሹራቡ አልጋው ላይ ተዘርሯል። አፉ ተከፍቷል። ትንፋሹ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። ከአልጋው ሥር የሚኖረው የእንጨት ሣጥን ወለሉ መሐል ተከፍቶ ተቀምጧል። ውስጡ ከነጭ ጨርቅ በቀር ምንም የለም።

«ዋይ ኣነ!» ብላ ጮኸች።

የአስመራው የማይ ጭሆት ሰፈር ሰው ግቢውን ሞላው።

የፖሊሱ መቶ አለቃ ክፍሉ ዜናውን የሰማው ጉንጩን በእጁ ደግፎ ነበር። ጥርሱን ካመመው ሰንብቷል። ወደ ማይ ጭሆት ሲሄዱ መኪናዋን የሚነዳው ሃምሳ አለቃ ዘርዓይ በጎን አየው።

«ዛሬም አልለቀቀዎትም?»

«አልለቀቀኝም። ትናንት ክኒን ፍለጋ ከተማውን ስዞር ዋልኩ። ካቴድራሉ ፊት ለፊት ያለውን መድኃኒት ቤት ባንኳኳ ባንኳኳ ማን ይክፈትልኝ! በመጨረሻ ገጀረት ሰፈር ድረስ በእግሬ ሄጄ አገኘሁ።»

ዘርዓይ ሳቀ። እንደ መቶ አለቃው ከመሐል አገር የመጣ አይደለም፤ የአስመራ ተወላጅ ነው። «ምነው ቢጠይቁኝ ጌታዬ? ፋርማቺያዎቹ እሑድ የሚከፍቱት በተራ ነው። አንዱ ተረኛ ይሠራል፣ ሌላው ሁሉ ዘግቶ ያርፋል። ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ነው።»

«ጥርሱን የታመመ ሰው ቆሞ መቼ ይጠይቃል!»

«አስነቅለው ይገላገሉ።»

«አንተ መኪናህን ንዳ።»

ክፍሉ ከኪሱ በአረንጓዴ ወረቀት የተጠቀለለ እሽግ አወጣ። አንድ ክኒን ያለ ውኃ ዋጠና ፊቱን አኮሳተረ።

ሲደርሱ መምህሩ ወደ ሆስፒታል ተወስዷል። ይተነፍሳል፤ ግን አልነቃም። ኣብርሄት እናቷ አጠገብ ቆማለች። እናቷ ወይዘሮ ለተገብርኤል ባልቴት ናቸው። በግቢያቸው ሁለት ክፍል ያከራያሉ። አንዱን ለሚስተር ኩሪያን፣ ሌላውን ከአዲስ አበባ ለመጣ የመንግሥት ጸሐፊ።

ክፍሉ ወደ ልጅቷ ዞረ።

«ትናንት ምሳውን ማን ሠራለት?»

«እኔ።»

«ምን ሠራሽ?»

«ምስር። ጾም ነው።»

«ሕንድም ይጾማል?»

እናትየዋ ቀደሟት። «ከእኛ እኩል ነው እንጂ! አገሩ ሩቅ ይሁን እንጂ ኦርቶዶክስ ነው። ቅዳሴ አያስታጉልም።»

«እናንተስ ከምስሩ በላችሁ?»

«አልበላንም» አለች ኣብርሄት። «ለእሱ ለብቻው ነው የምሠራው። ጨጓራ አለበት፤ በርበሬ አይችልም።»

ክፍሉ ቀና አለ። ለብቻው።

«ሣጥኑ ውስጥ ምን እንደነበር ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። የወርቅ አምባሮች። ለልጁ ሰርግ ያሠራቸው ናቸው። ስንት ዓመት እዚህ ያስተማረው ለእነሱ ነው።»

«ማን ሠራቸው?»

ዓይኗን ወደ እናቷ መለሰች።

«ማን ሠራቸው አልኩሽ?»

«ጸሃየ።»

«ጸሃየ ደግሞ ማነው?»

«እጮኛዬ። ወርቅ ሠሪ ነው።» ድምጿ ቀነሰ። «ከፋሲካ በኋላ እንጋባለን።»

ዘርዓይ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

በዚህ መሐል ወይዘሮ ለተገብርኤል የመቶ አለቃውን ጉንጭ ያዩ ነበር። «ወደይ፣ ልጄ፣ ጥርስህን ነው? ቅርንፉድ አለኝ፤ ብትነክሰው ያደነዝዝልሃል» አሉና ከነጠላቸው ጫፍ ትንሽ ቋጠሮ መፍታት ጀመሩ።

«አልፈልግም» አለ ክፍሉ ፈጠን ብሎ።

ሴትየዋ ገባቸው። ከዚህ ቤት የወጣ ነገር አፉ ውስጥ ሊያስገባ አልፈለገም። ቋጠሮውን መልሰው አጠበቁት።

ሁለተኛው ተከራይ አቶ ከበደ ከመኖሪያ ቤቱ ወጣ። ከረባቱን አስሯል። የመቶ አለቃውን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ።

«የአገሬን ሰው በማየቴ ደስ ብሎኛል፤ ምንም ጊዜው መጥፎ ቢሆን። እንደ ወንድሜ ነበር፣ ሚስተር ኩሪያን።»

«መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«ትናንት ከምሳ በኋላ። ራሱን አመመው። አስፕሪን ጨጓራውን ያደማዋል፤ አይወስድም። ስለዚህ ወጣ ብዬ አስፕሪን የሌለበት ገዛሁለት። እፊቱ ከፍቼ ሁለት ሰጠሁትና ‹ተኛ› አልኩት። ያውና፣ ጠረጴዛው ላይ ነው።»

የክኒኑ ብልቃጥና የተቀደደ ቢጫ መጠቅለያ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። ዘርዓይ ብልቃጡን ለሆስፒታሉ ሐኪም ሊወስድ አነሣ። ክፍሉ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ጥርሱ ስለጠዘጠዘው አላነበበውም።

«እኔ ማንንም አልከስም» አለ ከበደ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን ልጅቷ ልታገባ ነው። ወርቁን ታውቃለች። ምሳውንም እሷ ናት የሠራችው። እርስዎ እኮ አይጠፋዎትም።»

ጎረቤቶቹ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ሁለቱ በአማርኛ ሲንሾካሾኩ ያያሉ። በፊታቸው ላይ የሚነበበው ቁጣ አልነበረም። ነገሩ እንዴት እንደሚያልቅ ያወቀ ሰው ዝምታ ነበር።

ክፍሉ አየው። ደስ አላለውም።

የጸሃየን ሱቅ ፈተሹ። አንድ የወርቅ አምባር ተገኘ።

«የኣብርሄት ነው!» አለ ጸሃየ፣ አምባሩን ወደ ብርሃን አንሥቶ። «ለሰርጋችን እየሠራሁት ነው። የእሱ ወፍራም ነው፤ ይሄ ቀጭን ነው። ገና አላለቀም እኮ፣ ይዩት!»

እውነትም አላለቀም። የመቶ አለቃው የበላይ ግን በስልክ ይህን ሊሰማ አልፈለገም።

«ወርቅ ተገኝቷል አይደለም? የተመረዘው የውጭ አገር ሰው ነው፣ ክፍሉ። ነገ ጠዋት ልጅቷን ፍርድ ቤት አቅርብ።»

ከሆስፒታሉ የመጣው ቃልም ለኣብርሄት አልበጀም። መምህሩ የወሰደው ኃይለኛ የእንቅልፍ መድኃኒት ነው። በብልቃጡ ውስጥ የቀሩት ክኒኖች ግን ንጹሕ የራስ ምታት ክኒኖች ናቸው።

ታዲያ ምስሩ ብቻ ቀረ።

ኣብርሄት ታሰረች። እናቷ ጣቢያው በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ኣጆኺ ጓለይ!» እያሉ በግንቡ ላይ ይጣራሉ። አይዞሽ ልጄ ማለታቸው ነው።

ሚስተር ኩሪያን ከሰዓት በኋላ ነቃ።

ክፍሉ አልጋው አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ስለ ወርቁ ነገረው። መምህሩ ዓይኑን ጨፈነ። ስለ ኣብርሄት ሲነግረው ግን ከትራሱ ሊነሣ ታገለ።

«አይሆንም! ያቺ ልጅ? ወርቄም ይጥፋ፣ እሷን ፍቷት!»

«ምስሩ ጣዕሙ ተለውጦ ነበር?»

«እንደ ሁልጊዜው ነበር። የመረረው ክኒኑ ነው።»

«ክኒኑን አያውቁትም ነበር?»

«የማውቀው መሐሉ ላይ ሰረዝ አለው። ይሄ አልነበረውም።»

«ለምን ታዲያ ዋጡት?»

መምህሩ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «መጀመሪያ እዚህ አገር ስመጣ ራስ ምታቴን ተሸክሜ መድኃኒት ቤት እቆም ነበር። አንዱ የጣሊያን፣ አንዱ የጀርመን። ስሙ ሌላ፣ ውስጡ አንድ። ‹አስፕሪን አለበት? ለጨጓራ ይሆናል? ከምግብ በፊት ነው በኋላ?› እያልኩ ባለቤቱን አሰለቸዋለሁ። አንዱን ለመምረጥ እስክወስን ራስ ምታቱ ይተወኛል። አሁን ግን ለመድኩ። በሰው አገር ሲያምህ፣ ውኃ ይዞልህ የመጣን ሰው ‹ክኒኑ ለምን ሰረዝ የለውም?› አትለውም። ታመሰግነዋለህ።»

«አቶ ከበደን ይጠረጥሩታል?»

«ኧረ እሱ ደግ ሰው ነው። በዚህ ሳምንት ወደ አዲስ አበባ ተዛውሮ ሲሄድ እንኳ ማን ያጫውተኛል እያልኩ ሳዝን ነበር።»

ክፍሉ ቀና አለ። ከበደ ስለ ዝውውሩ አልነገረውም።

ደረጃውን ሲወርድ ጥርሱ እንደ ቢላ ወጋው። ቆመና ክኒኑን ፍለጋ ኪሱ ገባ። በእጁ የወጣው ግን ቢጫ ወረቀት ነው። ሌላውን ኪሱን ዳበሰ። አረንጓዴው ወጣ።

ሁለቱን ጎን ለጎን ያዛቸው። የአስመራ መድኃኒት ቤቶች የሸጡትን ሁሉ በየራሳቸው ወረቀት ይጠቀልላሉ፤ ስማቸውም ይታተምበታል። አረንጓዴው የገጀረቱ ነው።

ቢጫው ትናንት እጁ እስኪቀላ ሲያንኳኳው የዋለው፣ ከካቴድራሉ ፊት ለፊት ያለው መድኃኒት ቤት ወረቀት ነው።

ጥርሱን ረሳው።

የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ዶቶር ባልዲ ነጭ ፀጉር ያላቸው ጣሊያናዊ ናቸው። ወረቀቱን አዩና አንገታቸውን ነቀነቁ።

«የእኔ ነው። ግን ትናንት አልሸጥኩም። ትናንት ተረኛው የገጀረቱ ነበር፤ እኔ ቤቴ ተኝቻለሁ።»

«አስፕሪን የሌለበት የራስ ምታት ክኒን በቅርቡ የገዛ ሰው ያስታውሳሉ?»

«ዓርብ ዕለት አንድ ከረባት ያሰረ ሰው። አማርኛ ተናጋሪ ነው። ‹ጓደኛዬ ጨጓራ አለበት፤ አስፕሪን እንዳይኖረው› ብሎ አጥብቆ ጠየቀኝ። ለሰው እንዲህ የሚጠነቀቅ ገዢ ብዙ አላየሁም።» ከዚያ የክፍሉን ጉንጭ አዩ። «ይሄ በክኒን አይድንም፤ ይነቀል።»

አቶ ከበደ ሻንጣውን አሥሮ ጨርሷል። ከአጠገቡ አንድ አዲስ ሬዲዮ ተቀምጧል።

«ለምክር ነው የመጣሁት» አለ ክፍሉ ጉንጩን ይዞ። «ጥርሴ ሊገድለኝ ነው። ትናንት ክኒኑን ከየት ነበር የገዙት?»

ከበደ ዘና አለ። «ከካቴድራሉ ፊት ለፊት። ጥሩ ቤት ነው።»

«እሑድ ብዙ ሰው አልነበረም?»

«ኧረ ማንም የለ። ገብቼ ወዲያው ወጣሁ።»

«ባለቤቱ ናቸው የሸጡልዎት?»

«እሳቸው ራሳቸው።»

ክፍሉ ቢጫውንና አረንጓዴውን ወረቀት አልጋው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋ።

«ይሄ የእኔ ነው። ትናንት የገዛሁት፣ ከገጀረት። አንተ ገዛሁበት ያልከውን ቤት በር ግን ስደበድብ ነው የዋልኩት። ዝግ ነበር። እሑድ የሚከፍተው ተረኛው ብቻ ነው።»

«ተረኛ?» አለ ከበደ።

«አታውቅም ነበር? እኔም እስከ ዛሬ ጠዋት አላውቅም ነበር። ጤነኛ ሰው እሑድ መድኃኒት ቤት ምን ያደርጋል! ክኒኑን የገዛኸው ዓርብ ነው። ራስ ምታቱ የጀመረው ግን እሑድ ነው። ሰው ሳይታመም በፊት መድኃኒት የሚገዛለት ምን ዓይነት ወንድም ነው?»

ከበደ ዓይኑ ወደ ሬዲዮው ሸሸና ቶሎ ተመለሰ።

አብሮ የመጣው ዘርዓይ የሬዲዮውን የኋላ ክዳን ፈታ። አምባሮቹ በካልሲ ተጠቅልለው ከሽቦዎቹ መሐል ወጡ።

ከበደ አልጋው ላይ ቁጭ አለ።

«የእንቅልፍ ክኒኑን ሐኪም ለእኔ ነው ያዘዘልኝ» አለ ቆይቶ። «የዝውውሩ ደብዳቤ ከመጣ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። እናቴ ለሰፈሩ ሁሉ ‹ልጄ አስመራ ቪላ አለው› ብላ ነግራለች። አውቶቡስ ጣቢያው ድረስ ሊቀበሉኝ ይወጣሉ። አንድ ሬዲዮ አቅፌ እንዴት ልውረድ? ራሱን በየጊዜው ያመዋል። ስለዚህ ቀኑን ጠበቅኩ። ብልቃጡን እፊቱ ከፍቼ፣ በመዳፌ የደበቅኳቸውን የእንቅልፍ ክኒኖች ሰጠሁት። እንዲሞት አልፈለግኩም፤ እንዲተኛ ብቻ ነው።»

«ኣብርሄትስ?»

«ለብቻው እንደምትሠራለት አውቃለሁ።»

«ኣብርሄትስ ነው የምልህ?»

ከበደ መሬት መሬት አየ። «ማን ይሰማታል ብዬ ነው። እርስዎ ደግሞ የአገሬ ሰው ነዎት…»

ክፍሉ ሁለቱን ወረቀቶች ከአልጋው አንሥቶ ኪሱ ከተተ።

«ትናንት ጥርሴን ባያመኝ ኖሮ» አለ በመጨረሻ፣ «ምናልባት አምንህ ነበር።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ የጣቢያው በር ተከፈተ።

ኣብርሄት ወጣች። እናቷ ከድንጋዩ ተነሥተው አቀፏት። እንደገና አቀፏት። ጸሃየ ራቅ ብሎ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል፤ መሳቅም ማልቀስም አቅቶታል።

«ሚስተር ኩሪያን መልእክት ልኮልሻል» አላት ዘርዓይ። «‹የሆስፒታሉን ሾርባ አልበላም፤ ምስሬን ታምጣልኝ› ብሏል። ነርሷ ብትለምነው፣ ብትቆጣው፣ እምቢ አለ።»

ኣብርሄት በእንባዋ መሐል ሳቀች። «በርበሬ የሌለበት» አለች።

ክፍሉ ጥቂት እርምጃ ቀረብ አለ። ከዚያ ወደ እናትየዋ እጁን ዘረጋ፤ መዳፉን ከፍቶ።

«እማማ፣ ያ ቅርንፉድ… አሁንም አለ?»

ወይዘሮ ለተገብርኤል ትኩር ብለው አዩት። የነጠላቸው ቋጠሮ ጠዋት እንደታሰረ ነው። ፈትተው ለኣብርሄት ሰጧት። ኣብርሄት አንዷን ፍሬ መርጣ በመዳፉ ላይ አስቀመጠች።

«ሳይመረመር ነው ጌታዬ?» አለ ዘርዓይ።

«አንተ ዝም በል።»

ነከሰው። መጀመሪያ አቃጠለው። ከዚያ ቀስ በቀስ ድዱ ደነዘዘ፤ ጉንጩ ላላ፤ ለቀናት ተነሥቶ የማያውቀው እጁ ከፊቱ ላይ ወረደ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

«የቀንየለይ» አለ፣ በደነዘዘ አፉ፣ በትግርኛ ለማመስገን።

«የቐንየለይ» አለች ኣብርሄት፣ ከጉሮሮዋ አውጥታ እያረመችው።

ደገመው። ከመጀመሪያውም ባሰ። ሁሉም ሳቁ፤ እሱም አብሮ ሳቀ፣ ጥርሱን ሳያመው።