ያላገቡ ወንዶች ሰንጠረዥ

ከሚላ ከምሥራቅ ጀርመን ወደ ነገሌ ስትመለስ በሻንጣዋ ዲስኬት፣ በልቧ ቂም ይዛ ነበር። ዲስኬቱ ላይ ዝግጁ ትዕዛዞች የተሰበሰቡበት የፕሮግራም ላይብረሪ አለ። ቂሙ በራሺድ ላይ ነው። አምስት ዓመት እጠብቅሻለሁ ያላት ይህ ጨርቅ ነጋዴ በነዋሪዎች መዝገብ ባለትዳር ተብሎ መጻፉን አክስቷ ሸምሳ ጽፋላታለች።

በ1981 ዓ.ም. ከሚላ የነዋሪዎቹን መዝገብ በሚይዘው መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ሥራ ጀመረች። ከጦር ሰፈሩ ሻምበል ወልደገብርኤል መጣና ለውትድርና የሚሆኑ ያላገቡ ወጣቶችን ዝርዝር አዘዛት።

መዝገቡን ከፍታ የራሺድን ስም ፈለገች። «ባለትዳር» የሚለውን አጥፍታ «ያላገባ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ማሽኑን ጠየቀችው፦ ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ዓመት ያሉ ያላገቡ ወንዶች እነማን ናቸው? የላይብረሪው አንድ ትዕዛዝ መልሱን ለቅሞ አዲስ ሰንጠረዥ ሠራላት። ራሺድ ሰባተኛው ሆነ።

ቀትር ላይ ራሱ መጣ። መመለሷን ሰምቶ ሱቁን ዘግቶ ነው።

«አካም ከሚላ፣ ናጋ?» ብሎ በኦሮምኛ ደህንነቷን ጠየቃት።

«ሚስትህ ደህና ናት?»

«እሱንማ አንቺ ታውቂያለሽ» አለ ራሺድ። «መዝጋቢው አግብተሃል ወይ ሲለኝ አዎ አልኩት። ስሟን ሲጠይቀኝ ያንቺን ሰጠሁ።»

«ሳታስፈቅደኝ?»

«ፖስታው ሦስት ወር ይፈጃል፤ ውትድርናው መቼ ይጠብቀኛል?»

የባለትዳሮቹ ሚስቶች ስም የተጻፈበትን መዝገብ ከፈተች። በራሺድ ስም አንጻር የእሷ ስም ከነአባቷ ተጽፏል። ፊቷን ወደ ማሽኑ አዙራ «ያላገባ» የሚለውን መልሳ «ባለትዳር» አደረገችው። ምን እንደሠራች አልነገረችውም።

ሰንጠረዡን ግን ረሳችው። አንዴ ከመልሱ ከተሠራ በኋላ ሰንጠረዡ ከመዝገቡ ጋር ዝምድና የለውም፤ መዝገቡ ቢታረም እሱ እንደነበረ ይቀራል። ይህን ለሌሎች የምታስተምር ሴት በደስታ ታውራ ያንኑ የቀድሞውን ሰንጠረዥ በወረቀት አትማ ለሻምበሉ መልእክተኛ ሰጠች።

በማግስቱ ወታደሮች ራሺድን ከሱቁ ወሰዱት።

ከሚላ ሰምታ ጦር ሰፈሩ በር ላይ ስትደርስ ምልምሎቹን የጫነው መኪና ሞተሩን አስነስቷል። «ሻምበል፣ ሚስቱ ነኝ» አለች። «ወረቀቱ ስህተት ነው። በቂም የለወጥኩት እኔ ነኝ፤ መዝገቡን አርሜዋለሁ፤ ሰንጠረዡን ረሳሁት።»

ሻምበሉ ፊቱን አጠቆረ። «ይሄማ እስር ቤት ያስገባሻል።» ከዚያ መኪናው ላይ ወዳለው ሰው ዞረ። «አንተ፣ ሚስትህ ናት?»

ራሺድ ሁሉንም ሰምቷል። ዓይኑን ከዓይኗ አልነቀለም። ትናንት ቀትር ላይ ያየችው ፊት አልነበረም።

«ወረቀቱ ልክ ነው» አለ። «ሚስት የለኝም።»

ያ ቃል ከእስር አዳናት። ከሚላ ግን ሊያድናት ሳይሆን ሊክዳት ብሎ እንደተናገረው ከዓይኑ አይታለች፤ መኪናውም ወደ ሰሜን አቀና።