የጳውሎስ ቅኝት

ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ መንፈስ፣ ቃልቻ፣ ጥላ ምናምን ሲወራ ቀድሞ የሚስቀው እኔ ነኝ፣ ባለቤቴን ብትጠይቋት ትነግራችኋለች። በዚህችኛዋ ግን ያኔም አልሳቅኩም፣ አሁንም አልስቅባትም።

በደርግ ጊዜ ሆሳዕና ሳስተምር የእማማ ማርታን አንድ ክፍል ተከራይቼ ነበር የምኖረው። ቫዮሊን ያስተማረኝ ልጃቸው ጳውሎስ ነው፣ በቀበሌው የኪነት ቡድን አብረን እንጫወት ነበር። ብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ከወሰደው በኋላ ግን ድምፁ ጠፋ። መቼም ለመስቀል ሀዲያ አገሩ የማይገባ የለም፣ ከየትም ይሁን ከየት ይመጣል፣ እናቱም ለበሬ ቅርጫ ተቧድነው፣ ቅቤ አጠራቅመው፣ ቫዮሊኑን ይዘውልኝ መጡ።

«መምህር፣ ክሩ ዝጓል። ልጄ ሲመጣ አዲስ ያግኝ» አሉኝ። ጃጁራ ገበያ የሚመላለስ ነጋዴ ከአዲስ አበባ አራት ክር አምጥቶላቸው ነበር። ይምጣ አይምጣ ደፍሮ የሚያነሳባቸው ሰው አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ነው፣ ጉም ግቢውን ሞልቶታል፣ እኔ ከጥድፊያዬ የተነሳ አራቱንም ክሮች በአንዴ ፈታኋቸዋ! አንድ በአንድ ነው የሚቀየረው፣ ጳውሎስ ስንቴ ነግሮኛል። ክሮቹን ከታች የሚሸከመው ብርኩማ ወደቀ፣ ሆዱ ውስጥ የምትቆመው አጭር እንጨትም ኳ ብላ ተጋደመች፣ ያቺ ካልቆመች ደግሞ ቫዮሊን ባዶ ሳጥን ነው። በሹካ ብል፣ በሽቦ ብል፣ ወይ ፍንክች! እኚህን እናት በምን ዓይኔ ልያቸው ብዬ፣ ተናድጄ፣ ጠረጴዛው ላይ ትቼው እጄን ልታጠብ ወጣሁ።

ከክፍሌ የሚፋቅ ነገር ሰማሁ፣ ቀስ ብሎ፣ ሰው በጥፍሩ እንጨት እንደሚጭር። አይጥ ነው አልኩ። ገብቼ በቫዮሊኑ ቀዳዳ ሳይ፣ እመኑኝ፣ እንጨቷ ቆማለች።

ብዙ ተቀመጥኩ፣ ጉሙ በመስኮት እየገባ፣ ፍርሃት አልነበረም፣ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርግ እንዳለው ያለ ደስ የሚል ነገር ነበር። ከዚያ አዲሶቹን ክሮች አስሬ ቃኘሁ፣ እጄን ሳነሳ አራቱም ዝቅ አሉ። አዲስ ክር ይላላል፣ አውቃለሁ፣ ግን አራቱ እኩል አይላሉም! ደግሜ አጠበቅኩ፣ ደግመው ወረዱ፣ የሚያርፉበትም ጳውሎስ ለእናቱ ድምፅ እንዲስማማ ብሎ የሚቃኝበት ቦታ ላይ ነበር። ያኔ ብርድ ብርድ አለኝ። እንዲያም ሆኖ ቀስቱን አሳረፍኩበት።

እማማ ማርታ እጃቸው ቅቤ እንደነካ እየሮጡ ገቡ።

«ጳውሎስ የታለ?»

«እኔ ነኝ የተጫወትኩት፣ እማማ።»

«አይደለም። አንተ አጥብቀህ ነው የምትቃኘው። ይሄ የልጄ ነው።»

ከበሩ ኋላ አዩ፣ ከአልጋው ማዶ አዩ። አንዲትም ሳልደብቅ ነገርኳቸው፣ ያለቅሳሉ ስል ቫዮሊኑን አቅፈው ወደ ቤታቸው ገቡ።

መስቀል መጣ፣ የሰው ልጅ ሁሉ ገባ፣ ጳውሎስ አልገባም፣ መርዶም አልመጣም። በዓሉ ካለፈ በኋላ እማማ ማርታ በረንዳዬ ላይ ተቀምጠው፣ «እዚህ ድረስ ከመጣ፣ የእኔን በር ለምን አላንኳኳም?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በራቸውን ሳይቀረቅሩ ማደር ጀመሩ። እኔም፣ ያ ሁሉ ፊዚክስ እያለኝ፣ የእኔን አልቀረቅርም ነበር።