ያልጋለ ማርሚታ

ቅዳሜ ጠዋት ተካልኝ ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ በሚገኘው ቤቱ ጓሮ፣ ጋራዥ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ግድግዳውን ተደግፎ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ የብርጭቆ ወረቀት በእጁ እንደያዘ ነበር። ፊቱ የሬሳ ፊት አይመስልም፤ እሳት ዳር እንዳንቀላፋ ሰው ቀልቷል። አጠገቡ ሲያድሰው የከረመው አሮጌ የእንግሊዝ ዶቅዶቄ ቆሟል። የቤንዚን መክፈቻው ተከፍቷል፤ ታንኩ ባዶ ነው።

ሐኪሙ «የጭስ መርዝ ነው» አለ። ፖሊሱም ዶቅዶቄውን አየና ነገሩን እዚያው ቋጨው፤ ሰውየው በሩን በጨርቅ ወትፎ፣ ሞተሩን አስነስቶ፣ ነዳጁ እስኪያልቅ አጠገቡ ተቀምጧል። ወሬው ከሳውዝ ሲ ሐበሻ ወደሚበዛበት ሁርሊንግሃም ለመድረስ ምሳ ሰዓት አልጠበቀም። ተካልኝ ራሱን አጠፋ ተባለ።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሚስቱ ዕፀገነት ወደ ወይዘሮ ብርነሽ ሰው ላከች። ብርነሽ አዲስ አበባ በአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ የተቃጠለና የተገለበጠ መኪና ስትመረምር ያረጀች ሴት ናት። ብዙ አትናገርም። ሻይ ሲሰጧት እንኳ አስቀድማ ብርጭቆውን ታያለች።

«እትዬ ብርነሽ፣ ነገ ቀብር ነው» አለች ዕፀገነት። «ፓስተር ተክሉና ሽማግሌዎቹ ዛሬ ማታ እዚህ ይሰበሰባሉ። ራሱን ያጠፋ ሰው ከቤተ ክርስቲያን አይሸኝም የሚሉ አሉ። እኔ ይሄን እችለዋለሁ። ልጄ ግን አትችለውም።»

ልጇ ሐሊና ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ናይሮቢ ያደገች፣ አሁን ኮሌጅ የገባች ልጅ ናት። ዓይኗ ደረቅ ነው።

«አርብ ከአባትሽ ጋር ምን ተባባላችሁ?» አለቻት ብርነሽ።

ሐሊና እናቷን አየች። «ዳዲን ክፉ ነገር ተናገርኩት። ከእኛ ይልቅ ስክራፕ ብረትህን ትወዳለህ አልኩት። ከዛ እኔና ማሚ ኬሻ ሄድን።» ኬሻ የምትለው ሌሊቱን የሚያድረውን ጸሎት ነው።

«እሱስ ምን አለሽ?»

«ሳቀ። እሁድ ዶቅዶቄውን ቸርች ይዤው እመጣለሁ፣ አንድ ሰው ሲያየው ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ አለኝ። ላስት የሰማሁት እሱን ነው።»

«ሊሞት ያሰበ ሰው ለእሁድ አይቀጥርም።»

«ሰው ፕላን ይቀይራል፣ እትዬ» አለች ሐሊና። «ልጁ እንደዛ ካለችው ይቀይራል።»

ብርነሽ ተነስታ ወደ ጋራዡ ሄደች።

ጋራዡ የድሃ ሰው ጋራዥ ነው፤ ግን የተጠረገ። ተካልኝ ያለውን ነገር ሁሉ ሁለት ጊዜ የሚጠቀም ሰው እንደነበር ያስታውቃል። የመቀመጫውን ቆዳ ካረጀ ጃኬት ቀድዷል፤ ስፖንጁን ከቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ለምኖ ወስዷል። ዝገቱን በሎሚና በአመድ ፍቆ፣ ጥቁሩን ቀለም በቀቢ ብሩሽ ቀብቶ፣ በውሃ እያራሰ አለስልሶታል። የብሎን ራስ እንኳ ሳይቀር ተቀብቷል። አንድ ነገር ብቻ ቅንጦት አለበት፦ የጭስ ማውጫው፣ ማርሚታው። ለእሱ ተካልኝ የእጅ ሰዓቱን ሸጦ ክሮም አስነክሮታል።

ብርነሽ ጎንበስ ብላ ማርሚታውን ከሞተሩ ጉሮሮ እስከ ጫፉ አየችው። እንደ መስታወት ነበር። የራሷን ሽበት አየችበት። በመሐረቧ ነካ አደረገችውና ቀና አለች።

ከዚያ ወለሉን አየች። ሬሳው ከነበረበት ጥግ ሲሚንቶው ላይ የድስት ክዳን የሚያህል ክብ ምልክት አለ፤ መሐሉ ጠቆር ብሎ ዙሪያው ነጣ ያለ። በሩን የወተፉት ጨርቆች ተጠቅልለው ማዕዘን ላይ ተጥለዋል። አንዱን አነሳች። ደርቋል፤ ግን ቀይ ጭቃ ይዟል። የጋራዡ ወለል ደረቅ ሲሚንቶ ነው። አርብ ማታ ሲያካፋ ያደረው ውጭ ነው።

የቤቱን የጓሮ ክፍል የተከራየው ሚልኬሳ ሁርሊንግሃም ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ሌሊት ሌሊት ወጥ ይሠራል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል ይላሉ።»

«እንዴት አንጣላ፣ እትዬ? እኔ ሌሊት ሠርቼ ቀን ስተኛ እሱ ብረት በብረት ይቀጠቅጣል። 'ጋሼ፣ ይሄን ነገር ወይ አስነሳው ወይ ቅበረው' ብዬዋለሁ።» አንገቱን ደፋ። «አፌን በቆረጠው።»

«አስነስቶት ያውቃል?»

«የት ተነስቶ! ገና አንድ ጊዜ ሳል አላለም።»

«አርብስ?»

«አርብ ሥራ ነበርኩ። ቅዳሜ ጠዋት ስመለስ ጋሽ ፀጋዬ በሩ ላይ ቆሞ ያለቅሳል። የተረፈውን ያውቁታል።» ወደ ደጁ ተመለከተ። «በዚያ ላይ ጂኮዬ ተሰነጠቀ። ሰው ሞቶ ስለ ከሰል ማንደጃ ማውራት ግን ነውር ነው።»

«ነውር የለውም። አሳየኝ።»

ሚልኬሳ ጂኮውን ከደጁ አነሳው። ወገቡ የቀጠነ፣ ውጩ ቆርቆሮ፣ ውስጡ ሸክላ የሆነው የኬንያ ማንደጃ ነው። ሸክላው ከአፍ እስከ ታች ለሁለት ተከፍሏል። ከሥሩ ያለው አመድ ተቦክቶ ደርቋል።

«አንተ ውሃ ደፋህበት?»

«እኔ? በጋለ ጂኮ ላይ?» ሚልኬሳ ሊስቅ ቃጣው። «እትዬ፣ የሳውዝ ሲ ሕፃን እንኳ ይሄን አያደርግም።»

ጋሽ ፀጋዬ ሳሎን ውስጥ ለቀስተኛ ያስተናግዳል። ከተካልኝና ከዕፀገነት ጋር ዲላ ያደገ፣ አሁን ከባለጠጎቹ ሰፈር ላቪንግተን የሚኖር፣ በአንድ የውጭ ዕርዳታ ድርጅት ትልቅ ደሞዝ የሚበላ፣ የቤተ ክርስቲያኑም ሽማግሌ ነው። ብርነሽ ጎኑ ተቀመጠች።

«መጀመሪያ ያገኙት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ነኝ። ጠዋት አብረን ልንጸልይ መጣሁ። በሩን ስገፋው ጨርቁ ያዘኝ።»

«ከውስጥ?»

«ከውስጥ።» ዓይኑን በመሐረብ ጠረገ። «እኔ ራሴን ነው የምወቅሰው፣ እትዬ ብርነሽ። አርብ ማታ ከጸሎቱ ወጥቼ ላየው መጥቼ ነበር። በሩ ተዘግቷል፤ ሞተሩ ዶቅ ዶቅ ሲል ሰማሁት። ደስ ብሎት እየሞከረው ነው፣ አልረብሸው ብዬ ተመለስኩ። ብገባ ኖሮ…»

«ሞተሩን በጆሮዎ ሰሙት።»

«በዚህ ጆሮዬ።»

«ቤትዎ በምን ያበስላሉ?»

ፀጋዬ ግራ ገብቶት አያት። «በጋዝ። ምነው?»

«እንዲሁ ነው» አለች ብርነሽ።

ጋራዡ ስትመለስ ዕፀገነትን ይዛት ገባች። ዕፀገነት ባሏ ከሞተ ወዲህ እዚያ አልገባችም፤ ከዚያ በፊትም የብረት ሽታ ስለማትወድ አትገባም ነበር።

«ማታውን ምን በልቶ ነበር?»

«ሾርባ። ጉንፋን ይዞት ነበር፤ የሚያስተኛውን ክኒን ሰጥቼው ነው የወጣሁት።»

ብርነሽ በታንኩ ጎን የነጂው ጉልበት ወደሚያርፍበት ላስቲክ ጠቆመች። ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ነው፤ አልተጣበቀም። «ብሎን ሳይቀር የቀባ ሰው ይሄን ለምን ሳይለጥፍ ተወው?» ብላ ላስቲኩን ገለጠችው። ከሥሩ ቀለም ያልነካው፣ በነሐስ የተደፈነ ቀዳዳ ብቅ አለ። በነሐሱ መሐል በመሮ የተመታች አንዲት «ተ» አለች።

ዕፀገነት የዶቅዶቄውን እጀታ ያዘች። «ይሄ የተካልኝ የእጅ ሥራ ነው። ዲላ እያለን የበየደው።» ዶቅዶቄውን ከፊቱ እስከ ኋላው አየችው። «ይሄ የወንድሜ የካሣሁን ዶቅዶቄ ነው።»

«ወንድምሽ የት አለ?»

«እኛ እዚህ ከመጣን ከዓመታት በኋላ፣ መንግሥት ሲወድቅ ከፀጋዬ ጋር በዚህ ተፈናጠው ወደ ሞያሌ ወጡ። ፀጋዬ ብቻውን ደረሰ። ሽፍታ ካሣሁንን ገድሎ ዶቅዶቄውን ወሰደው አለን።» ነሐሱን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። «ድምፁ ከወንዝ ማዶ ሲሰማ እናቴ 'ካሣሁን መጣ' ብላ ሄዳ አጥሩን ትከፍት ነበር። እሱ ከቀረ ይኸው አምስት ዓመት።»

ብርነሽ ሐሊናን ጠራች። «አባትሽ ይሄን ከማን ነው የገዛው?»

«ጊኮምባ ገበያ፣ አሮጌ ብረት ከሚሸጠው ከምዜ ኦቲዬኖ። አብሬው ነበርኩ። ከብረት ክምር ሥር ነው የወጣው። ዳዲ ሲያየው ዝም ብሎ ቆመ። ማነው የሸጠልህ ሲለው ሰውዬው 'ሐበሻ ነው' አለ። ስሙን አያውቅም።»

«ፊቱንስ?»

ሐሊና ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ሻርፗን አንስታ ወደ ገበያው የሚሄድ ማታቱ ታክሲ ልትይዝ ወጣች።

ማታ ሽማግሌዎቹ ሳሎኑን ሞሉት። ፓስተር ተክሉ በመሐል፣ ፀጋዬ በቀኙ ተቀመጡ። ሚልኬሳ ቆሟል። በሩ አጠገብ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያኖረ አንድ ሽማግሌ ኬንያዊ ተቀምጧል፤ ለቀስተኛ መስሏቸው ማንም አልጠየቀውም።

«ወይዘሮ ብርነሽ የምትለው አላት» አለ ፓስተሩ።

ብርነሽ አልቆመችም። «ሁላችሁም መኪና አላችሁ፤ ወይ መኪና ታውቃላችሁ። አዲስ ክሮም የተነከረ ማርሚታ ሞተሩ መጀመሪያ ሲነሳ ምን ይሆናል?»

«ቀለሙ ይለዋወጣል» አለ ሚልኬሳ። «ከጉሮሮው ጋ ማር ይመስላል፤ ከዚያ ሰማያዊ ይሆናል።»

«መልሶ ይነጣል?»

«ለዘላለም አይነጣም።»

«የተካልኝ ማርሚታ ግን እንደ መስታወት ነው። ሄዳችሁ እዩት። ታንክ ሙሉ ቤንዚን የጨረሰ ሞተር ማርሚታ አይደለም። ያ ሞተር አንድም ቀን አልተነሳም።»

ፓስተሩ ወደ ፊት ጎንበስ አለ።

«እንግዲያ ጭሱ ከየት መጣ?» አለ ፓስተሩ።

«ከከሰል። የታፈነ ከሰልም ያንኑ መርዝ ያወጣል። ወለሉ ላይ የማንደጃ ምልክት አለ። የሚልኬሳ ጂኮ ከደጁ ሄዶ ተመልሷል። ጉንፋን ለያዘው፣ የሚያስተኛ ክኒን ለዋጠ ሰው 'ብርድ ነው፣ ሙቅ' ብሎ እሳት ማምጣት ደግነት ይመስላል። ሰውየው ሲያንቀላፋ በሩን ዘግቶ ከውጭ በጨርቅ መወተፍ ግን ደግነት አይደለም።»

«ከውስጥ ነበር ተብሏል» አለ አንድ ሽማግሌ።

«ያለው አንድ ሰው ነው። ጨርቁ ቀይ ጭቃ ይዟል፤ ጋራዡ ውስጥ ጭቃ የለም። ሌሊቱን ካፊያ ሲመታው ያደረ ጨርቅ ነው፤ ጠዋት ወደ ውስጥ ገባ። የቤንዚን መክፈቻውንም የከፈተው ያው እጅ ነው፤ ታንኩ ከመጀመሪያውም ባዶ ነበር። ጂኮውም ሚልኬሳ ሳይመጣ መመለስ ነበረበት። ግን ግሎ ነበር። ስለዚህ ውሃ ተደፋበት።» ብርነሽ የተከፈለውን ሸክላ ከእግሯ ሥር አንስታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «የኛ አገር ማንደጃ ቆርቆሮ ነው። ከሰሉ እንዲተርፍ ውሃ እናርከፈክፍበታለን፤ ምንም አይሆንም። የዚህ ግን ሆዱ ሸክላ ነው፤ ሲግል ውሃ ከነካው ይሰነጠቃል። በጂኮ የሚያበስል ይሄን ያውቃል። ሚልኬሳ ያውቃል። ዕፀገነት ታውቃለች። የማያውቀው ማንደጃን ያገሩን ብቻ የሚያስታውስ፣ እዚህ በጋዝ የሚያበስል ሰው ነው።»

ፀጋዬ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እትዬ ብርነሽ፣ በማንደጃ ሰው ይከሰሳል?»

«በማንደጃ ብቻ አይደለም። ያልተነሳውን ሞተር በጆሮዬ ሰማሁ ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«ዝናቡ… የጎረቤት ሞተር ይሆናል። ለመሆኑ እኔ ወንድሜን ለምን እገድላለሁ?»

ብርነሽ ወደ በሩ ዞረች። «ምዜ ኦቲዬኖ፣ ያን ፒኪፒኪ የሸጠልህ ሰው እዚህ አለ?»

ሐሊና በስዋሂሊ ደገመችለት። ሽማግሌው ባርኔጣውን ይዞ ተነሳ። ጊዜ አልወሰደበትም።

«ኒ ሁዩ» አለ በጣቱ እያመለከተ። ይሄኛው ነው።

ዕፀገነት ከተቀመጠችበት ተነስታ ፀጋዬ ፊት ቆመች። «ሽፍታ የወሰደውን ዶቅዶቄ አንተ ከየት አምጥተህ ሸጥከው?»

ፀጋዬ ፓስተሩን አየ። ፓስተሩ ወንበሩን ከእሱ ትንሽ አራቀ።

«አርብ ማታ ስመጣ ተካልኝ ነሐሱን ገልጦ አሳየኝ» አለ ፀጋዬ በመጨረሻ። «ምንም አልጠየቀኝም። ፊቴን ብቻ አየ። እሁድ ደግሞ ሰው ሁሉ ፊት ሊያወጣው ነበር…»

«ወንድሜስ?»

«ወባ ይዞት ነበር። ዶቅዶቄው ላይ መቀመጥ አልቻለም።» ፀጋዬ እጁን ተመለከተ። «ቤንዚኑ ለሁለት ሰው አይበቃም ነበር፣ ዕፀገነት።»

ከዚያ በኋላ ማንም አላነጋገረውም። ሚልኬሳ በሩን ዘግቶ ጀርባውን አስደግፎበት ቆመ፤ ፖሊስ እስኪመጣም ከዚያ አልተነቃነቀም።

ፓስተር ተክሉ የሽማግሌዎቹን ፊት አንድ በአንድ አየ። «ወንድማችን ነገ ከቤተ ክርስቲያን ይሸኛል» አለ።

ሐሊና ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ብርነሽ ጎኗ መጥታ ተቀመጠች። አላቀፈቻትም። «ፕላኑን አልቀየረም» አለቻት። «እሁድን እየጠበቀ ነበር።»

ማርሚታውን ፖሊስ ፈትቶ ወሰደው። የተመለሰው ፍርዱ ካለቀ በኋላ ነው። ሚልኬሳ መልሶ አሰረው፤ ታንኩ ውስጥ ቤንዚን ጨመረ። ማስነሻውን የረገጠችው ሐሊና ናት። ሁለቴ እምቢ አላት። በሦስተኛው ዶቅዶቄው አስነጠሰ፤ አጓራ፤ ከዚያ ዶቅ ዶቅ እያለ ቀጠለ። ብርነሽ ጎንበስ ብላ ስታይ ክሮሙ ከጉሮሮው ጋ ማር መሰለ፤ ቀስ እያለም ወደ ሰማያዊ ዞረ።

ዕፀገነት ወጥ ቤት ነበረች። ድምፁን ስትሰማ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። ማንንም አላየችም። በግቢው መሐል አልፋ ሄደችና አጥሩን ከፈተች።