ክዳኑን ማን ከደነው?

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ቅንጣት ያልተጨመረበት እውነት ነው። ዋሽቼ ከተገኘሁ ምላሴ በጥር ውርጭ ከበረዶ መዛቂያ አካፋ ጋር ተጣብቆ ይቅር። የዚያን ቀን እዚህ ካናዳ፣ ሳስካቹዋን ላይ የወረደው ብርድ እንዴት ያለ መሰላችሁ? ውሻዬ ጠዋት የጮኸው አየር ላይ ደርቆ ቀረና የሰማሁት ከምሳ በኋላ ሲቀልጥ ነው። ይህን ያላመነ ቀጥሎ ያለውን አያንብብ።

ጎረቤቴ ኦርቪል ሪንቹክ ከገዛ ቤቱ ወለል በታች ወዳለው ምድር ቤት በሚያወርደው ደረጃ ግርጌ፣ አንገቱ ወደማይዞርበት ዞሮ ሞቶ ተገኘ። የላይኛው የደረጃ ሳንቃ ብሎኖቹ ተፈትተው ነበር። ሬሳው ላይ ብርድ ልብስ ተጣለበት። ቤቱ ጭር ብሎ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ እንፋሎት የሚያስወጣው ማራገቢያ ብቻ እምምም ይል ነበር። ማንም አላጠፋውም።

ኦርቪል ጡረታ የወጣ የተማሪ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ዕድሜውን ሙሉ በመስታወት እያየ ሥርዓት ሲያስይዝ ስለኖረ፣ ቤቱ ሲገባም የቤተሰቡን የመታጠቢያ ቤት አመል ካላስተካከልኩ ብሎ ተነሳ። ሻወር ያስረዘመ ሰው ካለ ስሙን እየጠራ ወደ ምድር ቤት ይሮጥና እዚያ ባለው መዝጊያ ሙቅ ውሃውን ይዘጋበታል። ሳሙና የተቀባ ሰው በጥር ቀዝቃዛ ውሃ ሲወርድበት የሚያሰማውን እሪታ እኔ ከመንገድ ማዶ እሰማው ነበር። ከኦርቪል በቀር ወደ ምድር ቤቱ የሚወርድ የለም።

ሳጅን ቢያትሪስ ካርዲናል በዶቃ የተጠለፈ የቆዳ ጓንቷን እያወለቀች ስትገባ፣ የኦርቪል የወንድም ልጅ ዌንደል እጁ በካቴና ታስሮ ኩሽና ተቀምጧል።

«ሥራሽን ጨርሼልሻለሁ» አላት ያሰረው ፖሊስ። «ጣራ ሠሪ ነው፤ ብሎኑ የተፈታበት ካቻቢቴ የሱ ነው። ሻወሩን ለቀቀ፣ ሽማግሌው ሊዘጋበት ሮጠ፣ ወደቀ። ‹ዌንደል!› እያለ ሲጮህ የሽማግሌው ሚስት ሰምታለች።»

«እኔ እኮ ውጪ በረዶ እየዛቅኩ ነበር!» አለ ዌንደል። «በእናትዎ ሳጅን! እጮኛዬ በሚቀጥለው ወር ትወልዳለች። ልጄን በእስር ቤት መስታወት ጀርባ ሆኜ ልያት?»

«ስትዝቅ ያየህ አለ?»

«በዚህ ብርድ ማን መስኮት ላይ ይቆማል?»

(እኔ ሁልጊዜ እቆማለሁ። የዚያን ጠዋት ግን ተኝቼ ነበር፤ እግዜር ይይልኝ።)

ሳጅን ወደ ሟች ሚስት ወደ ዶሪን ዞረች።

«ሻወሩን ማን ዘጋው?»

«እኔ። እጄን ብቻ ሰድጄ። ሌላ ምንም አልነካሁም።»

«ከዚያ በፊትስ ገብተው ነበር?»

«ዌንደል ጥርሱን ፍቆ ሲወጣ ገባሁ። ያው አመሉ ነው። የመጸዳጃው ክዳን ብርግድ ብሎ፣ የጥርስ ሳሙናው ሳይከደን፣ የሻወሩ መጋረጃ ከገንዳው ውጪ ተንዘርፎ። ኦርቪል እንዳያውቅበት ዝም ብዬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ውሃው መውረድ እስኪጀምር ድረስ ኦርቪልና እኔ ከዚህ ኩሽና አልተነሳንም።»

ሳጅን ሄዳ ከመታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ቆመች። የእባብ ጉድጓድ እንደምታይ ሁሉ እግሯን አላስገባችም። የመጸዳጃው ክዳን ተከድኗል። የጥርስ ሳሙናው ተከድኗል። መጋረጃው ገንዳው ውስጥ በሥርዓት ገብቷል። የገላ ሳሙናው ደረቅ ነው። ማራገቢያው እምምም ይላል።

ቀጥላ የኦርቪልን ልጅ ጌይልን አስጠራች። ፎቅ ላይ ተኝታ የነበረች ናት።

«አባትሽ በስንት ልፋቱ የማንን አመል ለወጠ?»

«የማንንም! እኔ ፎጣ ወለል ላይ እጥላለሁ፤ እስከ መቃብሬ እጥላለሁ። ክዳን የከደነ ሰው ሲያገኝ እኮ እንደ ሕፃን ያጨበጭብለታል። ‹ጎበዝ! አደግህ!› እያለ፣ እንግዳ ፊት ሳይቀር። ማን ይህን ፈልጎ ይከድናል?»

መጨረሻ የገባው የዶሪን ወንድም መርል ነው፤ ስልሳ ዓመት የሞላው፣ ሲራመድ ድምፅ የሌለው ሰው።

«ከመታጠቢያ ቤቱ አጠገብ ባለው ክፍሌ ተኝቼ ነበር። ምንም አልሰማሁም።»

«ከሟች ጋር ትስማሙ ነበር?»

«በሰው ቤት የሚኖር ሰው ይስማማል» አለ መርል።

ሳጅን ብቻዋን ወደ መታጠቢያ ቤቱ ተመለሰች። በጓንት እጇ ክዳኑን ከፈተች፣ የጥርስ ሳሙናውን ክዳን አወለቀች፣ መጋረጃውን ወደ ውጪ ጎተተች፣ ማራገቢያውን አጠፋች። ቤቱ ያን ጊዜ ጭጭ አለ። ከዚያ ሁሉንም ኩሽና ሰበሰበችና የዌንደልን ካቴና አስፈታች።

«አሻራ ልወስድ ነው» አለችና ጥቁሩን ቀለም እስከ አንጓቸው ለቀለቀቻቸው።

«ጣራ ስቀባ እንኳ እንዲህ አልሆንም» አለ ዌንደል።

«በየተራ ሄዳችሁ ታጠቡ።»

አንዱ ሲወጣ እሷ ብቅ ብላ እያየች ትመለሳለች። ዌንደል ወለሉን ኩሬ አደረገው። ጌይል ፎጣውን ጣለችው። ዶሪን መብራቱን ሳታጠፋ ወጣች። መርል ገባ።

 በድንገት ከኮሪደሩ ጫፍ ተሰማ፦ እምምምም። ዶሪን እጇን አፏ ላይ ጫነች።

መርል ንጹሕ እጁን ይዞ ተመለሰ። ሳጅን ሄዳ አይታ መጣች።

«ተቀመጥ መርል። ሻወሩ ውስጥ ማንም አልነበረም፤ የገላ ሳሙናው ደረቅ ነው። ውሃው ለኦርቪል የተወረወረ ማጥመጃ ነው። ከዌንደል በቀር ሻወር የሚያስረዝም እንደሌለ፣ ኦርቪልም ስሙን እየጠራ እንደሚሮጥ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዌንደል ቢሆን ግን ክዳኑ እንደተከፈተ፣ መጋረጃው ውጪ እንደተንዘረፈ ይቆይ ነበር። ወጥመዱን ያጠመደው ሰው ክዳኑን ከደነ፣ መጋረጃውን አስገባ፣ ማራገቢያውን አበራ። አስቦበት አይደለም፤ እጁ ለምዶ ነው። አሁንም ያንኑ ሁሉ ደገምከው። ለመሆኑ እጁን ለመታጠብ ማራገቢያ የሚያበራ ማን ነው?»

«ንጽሕና ወንጀል ነው?» አለ መርል። «በንጽሕናዬ ልታስሪኝ ነው?»

ሳጅን ፊት ለፊቱ ቆመችና ቀስ እያለች አጨበጨበችለት።

«ጎበዝ መርል! አደግህ!»

የመርል ፊት እንደ ረጋ ወተት ተቆራረጠ።

«ተይ!» ብሎ ጮኸ። «ተይ! የገና እራት ላይ፣ ምግብ አፌ ውስጥ እያለ አጨበጨበልኝ! ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ፤ አንቺም ሳቅሽ ዶሪን! እከድናለሁ፣ ያጨበጭባል። አልከድንም ብዬ ማልኩ፤ እጄ እኔን ሳይጠይቅ ይከድናል። የገዛ እጄ የሱ ሆኖ ቀረ። ጎህ ሳይቀድ ብሎኑን ስፈታ ብቻ ነው እጄ የራሴ የነበረው።»

ካቴናው ከዌንደል ወደ መርል ተሻገረ። ሲወስዱት መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ገታ አለ፤ በታሰሩት እጆቹ ማራገቢያውን አጠፋና ሄደ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እነዚያ ሰዎች ክዳን ይከድናሉ፣ ፎጣ ያነሳሉ፣ ወለል ይወለውላሉ።

እሺ፤ ይህችን ብቻ እኔ ፈጠርኳት። የውሻዬ እውነት ነው፤ ይህችኛዋ ግን ውሸት ናት። ማንም አልተለወጠም። ዌንደል ዛሬም ወለሉን ኩሬ አድርጎ ሕፃኗን ያጥብበታል፤ ዶሪን ቃል አትናገረውም። አንድ ጊዜ እራት ተጠርቼ ሄድኩና እንደ ጨዋ እንግዳ ክዳኑን ከድኜ ወጣሁ። ዶሪን ከኋላዬ ገብታ ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሎ፣ ወንበሯን ከኔ አርቃ ተቀመጠች።

አሁን እዚያ ቤት ስሄድ ክዳኑን ከፍቼው ነው የምወጣው።