ውሃ የነካው ማስጠንቀቂያ

ለሞተው ልጇ ብላ በሕይወት ያለውን ብታጣውስ?

ጥያቄው ከትናንት ጀምሮ ደረቷ ላይ ተቀምጧል። አሁን ደግሞ የምታስብበት ጊዜ የላትም።

የጤና ጣቢያው ኮሪደር በወረፋ ጠባቂ ተሞልቷል። ዘንቢሏን በጉልበቶቿ መሃል አጥብቃ ይዛ ተቀምጣለች። ከላይ ሽንኩርት። ከሽንኩርቱ ሥር በፎጣ የተጠቀለሉ ሁለት የመጠጥ ጠርሙሶችና ሁለት ብልቃጥ ሙጫ።

የምስጢር ስሟ «ጉንዳን» ነው። በመጠጥ ፋብሪካው ግን የጽዳት ሠራተኛዋ «እማማ» ናት። እማማን ደግሞ ወለሉ ካልቆሸሸ ማንም አያስታውሳትም።

ጋዜጣ የያዘ ሰው አጠገቧ ተቀመጠ። ዘንቢሉን ከእሷ ዘንቢል ጎን አኖረ።

«የጉልበት መድኃኒት መጣ እንዴ፣ እናቴ?»

«ለዛሬ አልቋል አሉኝ። ነገ ነው።»

ምልክቱ ልክ ነው። ሰውየው «ሐኪሙ» ይባላል፤ ሕክምና ግን አያውቅም። መጠጥ ላይ የጤና ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ የሚያስገድደው ሕግ መከበሩን የሚቆጣጠር መርማሪ ነው። ፋብሪካው ውስጥ የተከላትም እሱ ነው። ታላቁ ልጇ በመጠጥ ጉበቱ አልቆ በሞተ በወሩ መጥቶ ሲጠይቃት እንቢ ማለት አልሆነላትም።

«አገኙት?»

«ጠርሙሱን በረዶ ውሃ ውስጥ ይንከሩት። ‹መጠጥ ጉበት ይገድላል› የሚለው ወረቀት ተልጦ ይንሳፈፋል። የፋብሪካው አርማ ግን ንቅንቅ አይልም። ሙጫው ሁለት ዓይነት ነው። ሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ ሲሰጥ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ጉዶች! ሕጉንም አከበሩ፣ ማስጠንቀቂያውንም አጠቡት።»

እጅጌውን ያዘችው።

«የሙጫ መጋዘኑን ቁልፍ የሚይዘው ታናሹ ልጄ ነው። ተኝቶ ሳለ ከወገቡ ፈትቼ ወሰድኩ፤ መልሼም አሰርኩለት። ምንም አያውቅም። ስሙ እንዳይነሳ።»

«አይነሳም።»

«ይማሉልኝ።»

«ልጆቼ ይሙቱ፣ እማማ!»

ልጅ እንደሌለው ያወቀችው በኋላ ነው።

የኮሪደሩ በር ተከፈተ።

የፋብሪካው ጥበቃ ኃላፊ!

ሽንኩርቱን ከፎጣው በላይ ደለደለች። ሐኪሙ ፊቱን በጋዜጣው ከለለ። ጥበቃው ቀጥ ብሎ መጣ።

«እማማ፣ ምነው ከሥራ ቀሩ?»

«ወገቤ ነዋ! እርጅና አይድረስብህ ልልህ ነበር፤ ለካ እርግማን ነው።»

ሳቀ። ዓይኑ ግን ዘንቢሉ ላይ አረፈ።

«ምን ይዘዋል?»

«ሽንኩርት። ልታግዘኝ ከሆነ ተሸከምልኝ።»

ሸክም ሲባል ሰውየው እጁን ኪሱ ከተተ። «ይማርዎት» ብሎ ወደ ካርድ ክፍሉ አለፈ።

ስትነሳ ያነሳችው የሐኪሙን ዘንቢል ነበር። መልኩ አንድ ነው፤ ውስጡ ሽንኩርት ብቻ።

በሳምንቱ የማስጠንቀቂያውን ጉዳይ የሚያየው ሸንጎ በቴሌቪዥን ታየ። የፋብሪካው ምግብ አዳራሽ በሚመለከት ሠራተኛ ጢም ብሏል። እሷ ጥግ ይዛ ወለል ትወለውላለች። ቴሌቪዥኑ ላይ ጠርሙሱ በረዶ ውሃ ውስጥ ገባ። ወረቀቱ ተላጠ፣ ተንሳፈፈ። ሸንጎው አጉረመረመ።

ልቧ ዘለለ። ተሳካ! አይ እናት፤ ደስታዋ እንኳ ሙሉ ሰዓት አልቆየላትም።

ሥራ አስኪያጁ ተነሳ። «ይህ የአንድ ሠራተኛ ጥፋት ነው። ሙጫውን የቀየረው የመጋዘኑ ቁልፍ ያዥ ነው» አለ። የታናሹን ስም ከነአባቱ ጠራ። «ዛሬ አሰናብተነዋል።»

ከጎኑ ሐኪሙ ተቀምጧል።

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ምርመራችንም ያረጋገጠው ይህንኑ ነው።»

ውሳኔው ተነበበ። ማስጠንቀቂያው ከእንግዲህ በማይለቅ ሙጫ ይለጠፋል። ኢንዱስትሪው እንዳይጎዳ ግን መጠኑ የጥፍር ያህል እንዲሆን ተፈቅዷል። ዝሆን ሲጣላ ሳሩ ይጎዳል ይባላል፤ ሲታረቅም የሚረገጠው ያው ሳሩ ነው።

ስልኳ ኪሷ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፤ የሐኪሙ መልእክት ነው። «ሥራሽ አልቋል። አንተዋወቅም።» አንቱታው እንኳ ቀርቷል።

«እማማ፣ እዚህ ጋ ሾርባ ፈሷል!» አለ አንዱ። ሄዳ ወለወለች። ማን እንደሆነች የጠየቀ የለም።

ሲመሽ ታናሹ ቤት ገባ። አልተቀመጠም።

«ልጄ፣ እራትህ እንዳይቀዘቅዝ…»

ከኪሱ አንድ ገመድ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የቁልፉ ገመድ ነው። ቁልፉን ሲቀሙት ቋጠሮው አልፈታ ብሏቸው ገመዱን ቆርጠውታል። ቋጠሮው ግን እንዳለ ነው። ሦስት ዙር ዞሮ ወደ ውስጥ የተቀበረ፤ ትንሽ ሳለ ሱሪው እንዳይወልቅበት እሷ ታስርለት የነበረው ዓይነት። ቁልፉን መልሳ ባሰረችበት ሌሊት ጣቷ በልማድ የቋጠረው ነው። እሱ ራሱ እንዲህ አስሮ አያውቅም።

ቋጠሮውን አየ። እሷን አየ።

«ለወንድምህ ብዬ…» አለች።

ወንድሙ ከተቀበረ ጀምሮ ብርጭቆ ነክቶ አያውቅም። ጃኬቱን አነሳ። በሩን ከፍቶ፣ ወደ መጠጥ ቤቱ በሚያወርደው መንገድ ሄደ።