ጥድፊያ ያደረቀችው ጠመንጃ

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ጥድፊያ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ጥድፊያ የቤት ስሟ ነው። ጫማዋን ሳታስር ስለምትሮጥና ጥያቄው ሳያልቅ እጇን ስለምታወጣ ነው እንዲህ ያሏት። ከእናንተም መካከል እንዲህ ያለ ልጅ አለ፤ ስም ግን አልጠራም። የምትኖረው ከአባቷ፣ ከእናቷና ገና ድክ ድክ ከሚለው ወንድሟ ጋር ከአንድ ዳቦ ቤት ጀርባ ነው።

የመኝታ ቤታቸው ግድግዳ ከዳቦ ቤቱ ምድጃ ጋር የተያያዘ ነበር። ግድግዳው መሃል ላይ ሰፊ ብረት አለ። ጋጋሪዋ እሳት ስታነድ ብረቱ ይግላል፤ ውሃ ጠብ ሲልበት ቸስ ይላል። ቤተሰቡ እርጥብ ልብስና ጫማ የሚያደርቀው ብረቱ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ነው።

አባቷ የእህል መጋዘን ጥበቃ ነው። ከሥራ ሲመለስ በር ላይ ቆሞ ጥይቱን ከጠመንጃው ያወጣል። ከዚያ ጠመንጃውን ሳጥን ውስጥ ይቆልፍበታል። አንድ ቀን ጥድፊያ ለምን እንደሆነ ጠየቀችው።

"ጥይት በጣም ከጋለ ቃታ የሚስብ ሰው አይፈልግም፤ በራሱ ይተኮሳል" አላት። "ስለዚህ ጠመንጃው ወደ ብረቱ ዝር አይልም። አንቺም ወደ ጠመንጃው ዝር አትዪም።"

ሌላ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ እንደ ጉድ ወረደ። አባቷ በስብሶ ገባ። ጥይቱን ሊያወጣ ሲል እናቷ ከጓሮ ተጣራች። "ቶሎ ድረስልኝ፣ ቆርቆሮው ሊነቀል ነው!" ካፖርቱን ወለሉ ላይ ጣለ፤ ጠመንጃውን ጥግ ላይ አስደገፈና "እንዳትነኪ" ብሏት ሮጠ። ጠመንጃው ጥይት እንደ ጎረሰ ነበር። ትልቅ ሰውም ይሳሳታል፣ ልጆች።

ጥድፊያ ጠመንጃው ሲንጠባጠብ አየች። አባቷ ዝገት እንዴት እንደሚያበሳጨው ታውቃለች። "ላድርቅለት፤ ሲያየው ጎበዝ ይለኛል" አለች በልቧ። "እንዳትነኪ" ያላት በአንዱ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጥቷል። ጠመንጃውን እየጎተተች ወስዳ አግዳሚው ላይ አጋደመችውና ከብረቱ ጋር አስጠጋችው። ሳይደርቅ እንዳያየው ብላም ካፖርቱን አለበሰችው። አፈሙዙ ወንድሟ ወደ ተኛበት አልጋ ዞሯል። እሷ ግን የታያት ውሃው ብቻ ነው።

አባቷ ተመልሶ ጥጉን ሲያይ ደነገጠ።

"ጠመንጃው የት ሄደ?"

ድምፁን ስትሰማ ፈራች። "እኔ አላየሁም" አለች።

ሳጥኑን ከፈተ፣ አልጋ ስር አየ። ካፖርቱን ጥድፊያ እንዲደርቅ ያሰጣችለት መስሎት አልፎት ሄደ። "ሌባ ገብቷል" አለና ወደ መንገዱ ወጣ።

በዚህ ጊዜ የጋጋሪዋ ድምፅ በግድግዳው በኩል ተሰማ። "ለማታው ዳቦ እንጨት ጨምሩበት!" እንጨቱ ተንጣጣ። የተቃጠለ የጠመንጃ ዘይት ሸተታት። ያኔ አባቷ ስለ ጥይት የነገራት ትዝ አላት፤ አፈሙዙ ወዴት እንደዞረም አየች። ቀስ ብላ ብታነሳውስ? ማንም አያውቅባትም። እጇን ዘረጋች።

"አይ" አለች ለራሷ። "አንዴ ነክቼ አጥፍቻለሁ። አሁን እናገራለሁ፤ የመጣው ይምጣ።"

ባዶ እግሯን ዝናቡ ውስጥ ገባች። አባቷ ላይ ደርሳ እጁን ያዘች። "አባዬ፣ ዋሽቼሃለሁ። ጠመንጃው ብረቱ ጋ ነው፣ ካፖርትህ ስር።"

የአባቷ ፊት አመድ መሰለ። "አፈሙዙ ወዴት ነው?"

"ወደ አልጋው።"

ሌላ አልጠየቃትም። ሮጦ ገባ፣ ጎንበስ ብሎ በአልጋው ራስጌ በኩል ሕፃኑን ስቦ አወጣው። "እሳቱን ከምድጃው አውጪው! ሁላችሁም ከግድግዳው ራቁ!" ብሎ ለጋጋሪዋ ጮኸ። እናትየውም ጩኸቱን ሰምታ ከጓሮ መጣች፤ ሁሉም ማዶ ካለው የድንጋይ አጥር ጀርባ ተጠለሉ።

"ጠመንጃውን አታነሳውም?" አለች እናትየው።

"ጥይት የጎረሰ የጋለ ጠመንጃ አይነካም። እስኪቀዘቅዝ ማንም አይገባም።"

ንግግሩን ሳይጨርስ ቤቱ ውስጥ ጓ አለ። ቃታ የሳበ ሰው አልነበረም።

ብረቱ በረድ እስኪል ድረስ ብዙ ጠበቁ። ከዚያ አባትየው ብቻውን ገባ፤ ጠመንጃውን ባዶ አድርጎ ቆለፈበትና ጠራቸው። የሕፃኑ ትራስ መሃል ለመሃል ተበስቷል። እናትየው ልጇን ደረቷ ላይ አጣብቃ ደጋግማ "ተመስገን" አለች። ጥድፊያ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

"አባዬ፣ ይቅር በለኝ። ሁለት ጊዜ አጠፋሁ፤ ነካሁም፣ ዋሸሁም።"

አባቷ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። "ይቅር ብዬሻለሁ። የኔ ግን ከአንቺ ይብሳል። ጥይቱን ሳላወጣ ጥዬው ሄድኩ። ነገ ለአለቃዬ እናገራለሁ።"

"ከሥራ ቢያባርሩህስ?"

"ቢያባርሩኝም እናገራለሁ። አንቺ ዝናብ እየደበደበሽ የተናገርሽውን እኔ ትልቁ ሰውዬ ልደብቅ?"

ያን ምሽት እጅ ለእጅ ተያይዘው ጸለዩ። በማግስቱም አባቷ ሄዶ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። አለቃው ለአንድ ወር ከሥራ አገደው። ከዚያ በኋላም የጥበቃዎቹ ጠመንጃ ሁሉ ባዶ ሆኖ እዚያው መጋዘኑ ውስጥ እንዲቆለፍ አዘዘ። ወሩ ለቤተሰቡ ከባድ ነበር፤ ነገር ግን አባትየው በተናገረው አልተጸጸተም።

ልጆች፣ አትንኩ የተባላችሁትን አትንኩ፤ ነክታችሁ ካጠፋችሁ ደግሞ ለመደበቅ አንዲት ደቂቃ እንኳ ሳታባክኑ እውነቱን ተናገሩ፣ ያቺ ደቂቃ የሰው ሕይወት ልትሆን ትችላለችና።