ራህማ ያልተረጎመችው

«እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ በያት» አለች ሐኪሟ በዐረብኛ። «ትጨነቂያለሽ? ያስለቅስሻል? መኖር ያስጠላሻል? አንድ በአንድ ጠይቂያት።»

ራህማ ጠየቀች። መጠየቁስ ምን ይቸግራል! አስራ አራት ዓመቷ ነው። ሪያድ ተወልዳ ስላደገች ከአማርኛው ይልቅ ዐረብኛው ይቀናታል፤ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ገበያም ሆነ ሐኪም ቤት የእናቷ የሰዒዳ አስተርጓሚ እሷ ናት።

ሰዒዳን ሉፐስ ከያዛት ሁለት ዓመት ሆኗታል። የሰውነቷ መከላከያ በገዛ ሰውነቷ ላይ ተነስቶ መገጣጠሚያዋን ያሳምማታል፤ ፀሐይ ሲነካት ጉንጮቿ ይቀላሉ፤ መድኃኒቱ ደግሞ ፊቷን አሳብጦታል። ይሄን ሁሉ ራህማ በዐረብኛ ትወጣዋለች። ዛሬ የሰማችው ግን ሌላ ነበር።

«እንቅልፍ የለኝም፣ ልጄ» አለች እናቷ የአባያ ቀሚሷን ጫፍ እያሻሸች። «ያለምክንያት ልቤ ድው ድው ይላል። እናንተ ስትወጡ መጋረጃውን ዘግቼ አለቅሳለሁ። አንዳንዴማ ምነው ባልነሳ እላለሁ። አስተግፊሩላህ፣ አላህ ይማረኝ! ግን እላለሁ።»

የራህማ ጆሮ ጋለ። በሩ አጠገብ የቆመችው ነርስ የክፍል ጓደኛዋ የሰና እናት ናት፤ ራህማ በዐረብኛ ከተናገረችው ትሰማለች። ነገ ትምህርት ቤት «የራህማ እናት አብዳለች» ቢባልስ?

«ደህና ነኝ ትላለች» አለች። «ጉልበቷን ብቻ ነው የሚያማት።»

ሐኪሟ ሰዒዳን ትንሽ አየቻትና ጻፈች። ለጉልበት የሚቀባ መድኃኒት ጨመረችላት፤ ቀጠሮው ከሦስት ወር በኋላ ሆነ።

ወጥተው መድኃኒት እስኪሰጣቸው ከሴቶቹ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

«ስለ ለቅሶዬ ምን አለች?»

«ምንም አይደለም፣ ያልፋል አለች» አለች ራህማ። ውሸት አንዴ ከጀመሩት ምላስ ላይ ይቀላል።

ሰዒዳ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «እኔ እኮ በሽታው ያመጣብኝ መስሎኝ ነበር። ሐኪም ካቀለለችው የራሴ ስንፍና ነዋ። ኸላስ፣ በቃኝ፣ ከእንግዲህ ለማንም አላወራም።»

ወይ ጉድ! እናቷ ሁለት ዓመት ሙሉ የደበቀችውን ዛሬ ገና ተነፈሰች፤ ራህማ ደግሞ መልሳ አፏን አዘጋቻት። እስከ ሦስት ወር ምን ይፈጠር ይሆን?

በመድኃኒት መስጫው መስኮት ስማቸው ተጠራ። ሰዒዳ መድኃኒቷን ተቀብላ ተመለሰች። «ያላ ተነሺ፣ አባትሽ መኪና ውስጥ እየጠበቀን ነው።»

ራህማ አልተነሳችም። «እማ፣ አልነገርኳትም።»

«ምኑን?»

«ያልሽውን። ደህና ነኝ ትላለች አልኳት። አፍሬ...»

ሰዒዳ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «በኔ አፍረሽ?»

ራህማ «አዎ» አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ይቅር በይኝ። ስንፍና አይደለም፣ እማ። ሐኪሟም ያልፋል አላለችም፣ ያልኩት እኔ ነኝ። ጭራሽ አልሰማችሽም።»

እናቷ የራህማን ትከሻ ተደግፋ ተነሳች።

«አሁን ብንመለስ ሁሉንም ትነግሪያታለሽ?»

«ሁሉንም።»

«ባልነሳ ያልኩትንም?»

ራህማ ከሐኪሟ በር አጠገብ የቆመችውን የሰናን እናት አየች።

«እሱን መጀመሪያ» አለች፤ የእናቷንም እጅ ይዛ ወደ ሐኪሟ ክፍል መንገድ ጀመረች።